የደብረ ሲና ሳምንት፦ የስልኩን ትንበያ በደመና ማረም

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ገደል ጥግ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከበላይዋ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከበታችዋ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ አለች። በአየር መስመር ከደብረ ሲና እስከ ሮቢት 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች አጭር ርቀት ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ተደራርበዋል። ስለዚህ ስልካችሁ «ደብረ ሲና፣ ማክሰኞ፣ 26 ዲግሪ፣ የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» ሲላችሁ፣ ጃንጥላ ከመፈለጋችሁ በፊት ቁጥሩ የየትኛው ከፍታ እንደሆነ አጣሩ። እዚህ የምጽፈው ስለዚያ ቁጥር አነባበብና የጎደለውን ከሰማዩ ስለ መሙላት ነው። ለአንኮበርም ሆነ ገደል አፋፍ ላይ ላለ ሌላ ከተማ ስሌቱ ያው ነው፤ ከፍታውን ብቻ ቀይሩ።

ትንበያ የሚያሰሉት ኮምፒውተሮች ምድርን በየሣጥኑ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሙቀት፣ አንድ እርጥበት፣ አንድ የዝናብ መጠን ይሰጣሉ። የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል ሞዴል ሣጥን ወርዱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው 13 ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ነጻ መተግበሪያዎች የሚወስዱት ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ሰፍቶ የወጣውን ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ጣርማ በርንም ሮቢትንም ባንድ ላይ ሊውጥ ይችላል። ያኔ ሞዴሉ አማካይ ከፍታቸውን ይይዝና ገደሉን ለስላሳ ተዳፋት ያደርገዋል። ጉሙንም ዝናቡንም የሚያመጣው የአየሩ ገደሉን ሽቅብ መውጣት ነውና፣ ዋናው ነገር ሒሳቡ ውስጥ ይደበዝዛል።

ሙቀቱን ማረም ቀላል ነው። አንዳንድ መተግበሪያ ከከተማው ስም አጠገብ ከፍታ ይጽፋል። 2,000 ሜትር ብሎ 26 ዲግሪ ካሳየ፣ ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የ700 ሜትር ልዩነት አለ። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስትቀንሱ 4.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት እንግዲህ 21 እና 22 መካከል ይውላል። ይህን እርማት ለሌሊት አትጠቀሙበት። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከብዶ ቁልቁል ስለሚፈስ፣ ከፍ ያለው ተዳፋት ዝቅ ካለው ጎድጓዳ ሜዳ ሞቅ ብሎ ሊያድር ይችላል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ብዙ የትንበያ ካርታዎች የሚወጡት በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ነው። ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመቀየር ከቁጥሩ 3 ቀንሱ፦ ካርታው 12 ካለ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው፣ 6 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ይህን ሳያስተውል «ለ6 ሰዓት ዝናብ የለም ብሎ ነበር» ብሎ የሚያማርር ብዙ ነው። የዝናብ ድምርም እንዲሁ ያምታታል። መተግበሪያው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ግን ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ 10 ሰዓት ላይ የወረደው ዶፍ የሚነበበው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለቱን የሚያነጻጽር ሰው ይህን ካላስተካከለ ትንበያውን አለአግባብ ይኮንናል፣ ወይም አለአግባብ ያወድሳል።

«የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» ሲባል ደግሞ እንዲህ ያለ ሁኔታ በነበረባቸው 100 ቀናት ውስጥ በ40ው ያቺ ቦታ የሚለካ ዝናብ ታገኛለች ማለት ነው። የሚለካ የሚባለው ከ0.1 ወይም ከ0.2 ሚሊ ሜትር ሊጀምር ስለሚችል ካፊያውም ይቆጠራል። አውድማ ላይ ገብስ ላለው ገበሬ ዕድሉ ብቻውን ምንም አይነግረውም፤ መጠኑን አብሮ ማየት አለበት። ወቅቱንም ማመዛዘን ያሻል። ነሐሴ ላይ 90 በመቶ ዜና አይደለም፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነውና። ታኅሣሥ ላይ 20 በመቶ ካያችሁ ግን ነዶውን ሸፍኑ፤ በዚያ ወር ሞዴሉ 20 ለማለት የደፈረው ያየው ነገር ስላለ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከዕለታዊው ትንበያ ሌላ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። እዚያ ላይ «መደበኛ» የሚለው ቃል የራሱ ልክ አለው፦ ከረጅም ዘመን አማካይ ከ75 እስከ 125 በመቶ ያለው ዝናብ መደበኛ ነው፣ ከ125 በላይ «ከመደበኛ በላይ»፣ ከ75 በታች «ከመደበኛ በታች»። ዝናባማ ቀን የሚባለው 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የዘነበበት ነው። «መደበኛ ዝናብ ይኖራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ለሰኔ መጨረሻና ለኅዳር አጋማሽ ፍጹም የተለያየ ነገር ይነግራል። ሳምንቱን ለማቀድ ይህን መግለጫ እንደ መነሻ፣ የስልኩን የ7 ቀን ዝርዝር እንደ ማጣሪያ መያዝ ይበጃል። ከ7 ቀኑ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ቀናት ሰዓት ጠቅሳችሁ ልታቅዱባቸው ትችላላችሁ። ከ4ኛው ቀን በኋላ የሚታመነው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ እርጥበቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው ወይስ ከምዕራብ። «ቅዳሜ 14 ሚሊ ሜትር» የሚለውን የ6ኛ ቀን ቁጥር ለሠርግ ድንኳን መወሰኛ ማድረግ ዋጋ የለውም። እኛ ዘንድ ዝናቡ የሚወርደው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ከሚያብጡ ነጠላ ደመናዎች ስለሆነ፣ ባንዱ ሰፈር ዶፍ ሲወርድ ሌላው አቧራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሰማዩ።

ስለ ደብረ ሲና አየር አንድ ነገር ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የደመናውን ግርጌ ከፍታ ማስላት ይማር። ከመሬት ሞቆ የተነሣ አየር በየ1,000 ሜትሩ 9.8 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብታ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 1.8 ያህል ዝቅ ይላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ ላይ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። በአጭሩ፣ ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን ቀንሱና በ125 አባዙት፤ የምታገኙት የደመናው ግርጌ ካላችሁበት መሬት በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው። የጤዛ ነጥብ በብዙ መተግበሪያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ከሌለ ከአንጻራዊ እርጥበት ይገመታል፦ ከ100 በመቶ ለጎደለ ለእያንዳንዱ 5 በመቶ 1 ዲግሪ ልዩነት ያዙ። እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ልዩነቱ 8 ዲግሪ፣ ግርጌው 1,000 ሜትር ላይ ነው። እርጥበቱ ከ50 በመቶ ሲያንስ ይህ አቋራጭ ይበላሻል።

ስሌቱን ከሮቢት ጀምሩት፤ ገደሉን ሽቅብ የሚወጣው የዚያ አየር ነውና። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሮቢት 30 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ቢሆን፣ ልዩነቱ 14 ሲባዛ በ125፣ 1,750 ሜትር ይመጣል። የሮቢትን 1,280 ስትደምሩበት 3,030 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ነው። ሮቢት ላይ ያለ ሰው ነጫጭ ደመና በሰማይ ሲያይ፣ ደብረ ሲና 300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የደመና ጣሪያ ያያል፤ ጣርማ በር ላይ ያለው ሾፌር ደግሞ ጉም ውስጥ ገብቷል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ደመና ነው። የጤዛ ነጥቡ ወደ 20 ከፍ ቢል ግርጌው 2,530 ሜትር ላይ ይወርዳል፤ ያኔ ከተማዋ ራሷ በጉም ትሸፈናለች፣ የተሰጣ ልብስም አይደርቅም። ወደ 8 ዝቅ ቢል ግርጌው 4,000 ሜትርን ይሻገርና ጣርማ በርም ብራ ሆኖ ይውላል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ከፀሐይ ሙቀት ወይም ከገደሉ ሽቅብ ለሚወጣ አየር ነው። ሌሊት ረግቶ ለሚተኛ ጉም፣ ወይም ከሌላ ቦታ ተነድቶ ለመጣ ከፍተኛ ደመና አይሆንም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባለው ሙቀት ብታሰሉትም ያሳስታችኋል፤ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ውሰዱ። ሞዴሉ ስለ ገደሉ የማያውቀውን እናንተ በዚህ መንገድ ትሞሉለታላችሁ፤ የሮቢትን ሙቀትና የጤዛ ነጥብ እሱ ሳይቸገር ይተነብያልና።

ነጂዎች ከዚህ ቀጥተኛ ጥቅም ያገኛሉ። በዓለም አቀፉ ልኬት ጉም የሚባለው እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር ሲያንስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጭጋግ ነው። የጣርማ በር ጉም ብዙ ጊዜ ከዚያም በጣም ያነሰ እይታ አለው። እርጥብ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ እስኪነቃና ፍሬኑ እስኪይዝ ድረስ 30 ሜትር ያልፋል፤ ቁልቁለት ላይ ከዚያ ይብሳል። ከ30 ሜትር በላይ ካላያችሁ 40 እንኳ ብዙ ነው። ረጅሙን መብራት ማብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፤ አጭሩን ተጠቀሙ፣ ከባድ ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። ስሌቱ ከሰዓት በኋላ ጣርማ በር በጉም እንደሚዘጋ ካሳያችሁ ደግሞ ጠዋት፣ ከ5 ሰዓት በፊት ማለፍ ነው የሚሻለው። ተቃራኒውም አለ፦ በበጋ ጠዋት ደመናው ከታች፣ ከሮቢት በላይ ተነጥፎ፣ ጣርማ በር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የተነጠፈው ደመና ላዩ ዝርግ ከሆነ ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር ከድኖታል ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ረፋድ ላይ ይበታተናል።

ደመናን በስሙ ለመለየት መጽሐፍ መያዝ አያስፈልግም። የዛሬው አከፋፈል መሠረቱ እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1802 ያቀረበው ነው፤ ዓለም አቀፉ የደመና አትላስ ዛሬ 10 ዋና ዓይነቶች ይቆጥራል። ከ10ሩ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁርጥራጭ ሆነው የሚነጠፉትን ሦስቱን ነው። ክንዳችሁን ዘርጉና ከአድማሱ በደንብ ከፍ ያለውን ቁርጥራጭ በጣታችሁ ለኩት። ትንሿ ጣት ከሸፈነችው ሲሮኩሙለስ ነው፤ እጅግ ከፍ ያለ፣ የበረዶ ቅንጣት የሆነ፣ ለሳምንቱ ብዙም ትርጉም የሌለው። ከአንድ እስከ ሦስት ጣት ከሆነ አልቶኩሙለስ ነው። ከሦስት ጣት ካለፈ ስትራቶኩሙለስ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ቀኑን የሚያጨልም፣ ግን ከካፊያ ያለፈ እምብዛም የማይሰጥ።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ በቃላችሁ ያዙ ብባል አልቶኩሙለስን እመርጣለሁ፤ በተለይ ጠዋት ከግርጌው ቀጥ ብሎ ከላዩ ትናንሽ ግንብ የሚያበቅለውን ዓይነት። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት እነዚያ ግንቦች ከታዩ፣ መካከለኛው አየር ሽቅብ ለሚወጣ ነገር ክፍት ነው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ሞቆ ደመና ሲልክ የሚያግደው አያገኝም፤ ነጎድጓድ ይሆናል። ስልኩ «ከፊል ደመናማ» ቢልም እንኳ እንዲህ ባለ ቀን ፀረ አረም አይረጭም። ብዙ ፀረ አረም ከተረጨ በኋላ እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ዝናብ ሳይነካው መቆየት ይፈልጋል፣ መለያው ላይ ተጽፏል። ጤዛው እንደደረቀ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተረጨ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ቀኑን የሚወስነው ግን ኩሙለስ ነው፤ ግርጌው ዝርግ፣ ላዩ ያበጠ ነጠላ ደመና። ጤናማው ኩሙለስ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፣ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይውላል፣ አመሻሽ ላይ ይጠፋል። ከ4 ሰዓት በፊት ከታየና 6 ሰዓት ሳይሞላ ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠ ተጠንቀቁ። አናቱን እዩ፦ እንደ አበባ ጎመን ጥርት ብሎ ካበጠ ገና ውሃ ነው፣ እያደገ ነው። ጥርት ያለው ጠርዝ ደብዝዞ ጭረት ጭረት ሲያወጣ አናቱ ወደ በረዶ ተለውጧል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ስሙ ኩሙሎኒምበስ ነው፤ መብረቅና በረዶ ከዚህ ብቻ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ ያነሰ። ሲሚንቶ ለማቡካት አስባችሁ ከሆነ አታቡኩ፤ ካፈሰሳችሁት ላስቲኩን አሁኑኑ አምጡ።

በረዶ በደጋ የሚበዛበት ምክንያት ቁጥር ነው። በእኛ ኬክሮስ ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ሲና ላይ የሚወድቅ የበረዶ ድንጋይ በሞቃት አየር ውስጥ የሚያልፈው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሮቢት ለመድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ያልፋል። አንዱ ደመና ላይ ባቄላ ሲያወድም ታች ወፋፍራም የዝናብ ጠብታ ሆኖ ይደርሳል።

ስለ መብረቅ፣ ብልጭታው ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ለ3 አካፍሉ፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ ያድናችሁ ይሆናል፣ ከዋናው ነገር ግን አያድንም።

በክረምት አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝቅ ያለው ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ሲሆን፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ደግሞ በኃይል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሮጣል። የኩሙሎኒምበስ ጠፍጣፋ አናት እንግዲህ የሚዘረጋው ወደ ምዕራብ ነው። በምሥራቅ፣ በአፋር በኩል የተነሣ ደመና አናቱ ወደ እናንተ ከተዘረጋ ግንዱ ሊከተል ይችላል። በምዕራብ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ያለው አናቱ ከእናንተ እየሸሸ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ብዙ ቀን በኒምቦስትራተስ ስለሚደፈን ይህን ለማየት ሁልጊዜ ዕድል አታገኙም፤ ቅርጽ የሌለው፣ ግራጫ፣ ነጎድጓድ ሳያሰማ ለሰዓታት የሚዘንብ ደመና ነው። ለዘር ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፣ ለመንገዱ ተዳፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው። ለቀናት ቀስ ብሎ የገባ ውሃ አፈሩን ስለሚያከብደው መናዱ የሚመጣው አንዳንዴ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

በልግ ተንኮለኛ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናቡ እንዲመጣ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ ከታች ከህንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል እርጥብ የምሥራቅ ነፋስ፣ ከላይ ደግሞ ከምዕራብ የሚመጣ የቀዝቃዛ አየር ስርጉድ። ከመሬት ሆኖ ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። ከፍተኛና መካከለኛ ደመና ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በረጅም ሰንበር ሲያልፍ፣ ዝቅተኛው ደመና ግን ከአፋር በኩል ወደ ገደሉ ሲገፋ ካያችሁ፣ ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ መሬት ያለሰለሰ ይዝራ። ከላይ ያለው ብቻ ከሆነ ሰማዩ ያምርና ይሄዳል። ከታች ያለው ብቻ ከሆነ ጉምና ካፊያ እንጂ ማሳ የሚያርስ ዝናብ አይሆንም። በዚያ ሰሞን በማዳጋስካር አካባቢ ትልቅ አውሎ ነፋስ እንዳለ ከሰማችሁ የ7 ቀኑን የበልግ ዝናብ ቁጥር ቀንሳችሁ አንብቡት፤ እርጥበቱን ወደራሱ ይስባል።

ፀሐይን የሚከብበው ክብ ቀለበት በየጊዜው ብዙ ወሬ ያስነሣል። የሚሠራው ሲሮስትራተስ ነው፤ ስስ የበረዶ ቅንጣት መጋረጃ ብርሃኑን በ22 ዲግሪ ስለሚሰብር። ክንድም ጣቶችም ተዘርግተው አውራ ጣት ፀሐይዋን ሲሸፍን የትንሿ ጣት ጫፍ ቀለበቱ ላይ ያርፋል (በባዶ ዓይን ፀሐይዋን አትመልከቱ)። የፈረንጅ መጽሐፍ ቀለበት ከታየ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ዝናብ ይመጣል ይላል። እዚያ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲጋጠም ከፍተኛው ደመና ቀድሞ ስለሚደርስ እውነት ነው። እዚህ ግን እንዲያ ያለ ግንባር አያልፍም። የእኛ ሲሮስትራተስ ብዙ ጊዜ ትናንት ሌላ ቦታ የፈነዳ ነጎድጓድ ትርፍ ነው፣ ወይም በበጋ ከከፍተኛው የምዕራብ ነፋስ ጋር የሚያልፍ ነው። በበልግ፣ ከታች ምሥራቃዊው ደመና ካለ ብቻ ቁም ነገር ይሆናል።

በበጋ የሚያስፈራው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ብራ ከሆነ፣ ነፋሱ ጸጥ ካለና የጤዛ ነጥቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ የስልኩን «ዝቅተኛ 4 ዲግሪ» አትመኑት። ያ ቁጥር ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው አየር ነው፤ ሣሩና የባቄላው ቅጠል ላይ በዚያው ሰዓት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በዚህ ደብረ ሲና ከደብረ ብርሃን ትሻላለች። ደብረ ብርሃን ዝርግ ሜዳ ላይ ስለሆነች ቀዝቃዛው አየር እዚያው ይተኛል፣ ከደብረ ሲና ተዳፋት ግን ቁልቁል ይፈስሳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚበዛው ጎድጓዳው ማሳ ላይ ነው። ሌሊቱን ስትራቶኩሙለስ ከሸፈነው ውርጭ የለም። ከፍ ያለው ላባ መሰል ደመና፣ ሲረስ፣ ብቻ ከሆነ ግን እጅግ ስስና ቀዝቃዛ ስለሆነ አያድንም። ማሳውን ቀን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ይለቃል። ችግኝን በገለባ መሸፈን ይረዳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሆነ። ጭስ ማጨስ ግን ድካም ነው፤ የጭሱ ብናኝ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ለማገድ በጣም ደቃቅ ነው።

የስልኩ «ራዳር» ላይ አትደገፉ። ለዚህ አካባቢ የሚታየው ቀለም በአብዛኛው ከሳተላይትና ከሞዴል የተገመተ ነው። የሳተላይት ምስል ራሱ ይሻላል፤ በየ15 ደቂቃው የሚታደስ በነጻ ይገኛል። ሙቀትን በሚለካው ምስል ላይ ግን ነጭ ማለት ቀዝቃዛ አናት ማለት ብቻ ነውና ስስ ሲረስም እንደ ነጎድጓድ ደመና ነጥቶ ይታያል። ቀን ከሆነ በዓይን በሚታይ ብርሃን ከተነሣው ምስል ጋር አስተያዩት፤ በሁለቱም ላይ የነጣው ነው ዝናብ ያለው።

ትንበያውን ለመፈተን የዝናብ መለኪያ ሥሩ። የክብ አፉ ወርድ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማጥለያ (ፈነል) ጀሪካን ላይ ግጠሙ፤ የአፉ ስፋት 201 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሊትር ለኩና በ20 አካፍሉ፦ 100 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፣ ማለትም በካሬ ሜትር 5 ሊትር። ከጣሪያ ጠፈጠፍ አርቁት፤ አጠገቡ 4 ሜትር ግድግዳ ካለ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ። መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ጭቃ ሲፈናጠር ይገባበታል፣ ጣሪያ ላይ ከሰቀላችሁት ነፋሱ ጠብታውን ያሻግረዋል፤ ከወገብ በታች ከፍታ ባለው ግንድ ላይ ማሰር ልኩ ነው። ጀሪካኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ አለዚያ ፀሐይ ውሃውን ያተነዋል። ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አንብቡ። ከጎኑ ስልኩ ለዚያ ቀን ከ1 ቀን በፊት ያለውን፣ ከ3 ቀን በፊት ያለውን፣ ከ6 ቀን በፊት ያለውን በሦስት ዓምድ ጻፉ። አንድ ክረምት ሲያልፍ የትኛው መተግበሪያ ለእናንተ ሰፈር እንደሚያጋንን፣ የትኛው እንደሚያሳንስና በስንት እንደሆነ በእጃችሁ ይኖራል። መስከረም ላይ ያንን ቁጥር ለጥቅምት አትጠቀሙበት፤ ነፋሱ ሲገለበጥ ስሕተቱም ይገለበጣልና ለበጋ አዲስ ገጽ ጀምሩ።